ዱቄት የሚነፋው ሳይቦካ ነው፦ ስለ ጊታር ጩኸትና ስለ ትንሿ አረንጓዴ ሳጥን

አንድ የሮክ ጊታር ተጫዋች ድምፁ እንዲከብድለት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ «ጌይን» የሚለውን መቆጣጠሪያ ይይዝና እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ቤዙንም ይጨምራል። ይህ ካልበቃው ደግሞ ከአምፑ ፊት አንድ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ይሰካና እሱንም ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲጫወት ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ደስም ይለዋል። ድራምና ቤዝ ጊታር ያለበት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደገባ አይታወቅም። አዳራሹ መሀል የቆመ አድማጭ ጆሮ የሚደርሰው፣ ኖታው ከኖታ የማይለይ፣ ንብ ቀፎ ውስጥ የተቀመጠ ሬዲዮ የሚመስል ጉምጉምታ ነው።

ጥፋቱ የጉልበት ማነስ አይደለም። ጉልበቱ በዝቷል። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ነገሩ የሙዚቀኞች የውስጥ ጭቅጭቅ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብም፣ የሰው ጆሮም፣ የአንድ ወጣት ባንድ ዕድልም ያለበት ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ አንዱ መሠረታዊ ነጥብ ላይ ነው፦ ከፍተኛ ጌይን ካለው አምፕ ፊት ቡስት ወይም ኦቨርድራይቭ ፔዳል የሚሰካው ለመጨመር ሳይሆን ለመቀነስ ነው። ይህን የተረዳ በርካሽ ፔዳል ጥሩ ድምፅ ያወጣል። ያልተረዳ ውድ አምፕ ገዝቶም ያጉመተምታል።

*ጩኸቱ እንዴት ተወለደ?*

የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ሲሠራ ዓላማው የክሩን ድምፅ ሳያበላሽ ማጉላት ነበር። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ግን የሞገዱ አናትና ግርጌ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሞገድ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆችን ይወልዳል። መሐንዲሶቹ ይህን «ዲስቶርሽን» ብለው እንደ ጉድለት መዘገቡት። ሙዚቀኞቹ ግን ወደዱት።

እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ሊንክ ሬይ «ራምብል» የተባለውን ሙዚቃ ሲሠራ የአምፑን ስፒከር በእርሳስ ወግቶ በሳው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የእንግሊዙ ባንድ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ቀደደው። ስፒከር መቅደድ ሳያስፈልግ ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጣው «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» የተባለው ፔዳል እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ ውሎ ነበር፤ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ዓለም አወቀው።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። የበገና ድምፅ የሚነዝረው ለምንድን ነው? ክሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስለምትገባ ነው። ክሩ ሲርገበገብ እንዝራዋን እየነካ ይነዝራል። ያለ እንዝራ በገና በገና አይሆንም። ነገር ግን ደርዳሪው ክር በክር እንዝራዋን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ትክክለኛዋን ቦታ ይፈልጋል። ትንሽ ስትዛነፍ ንዝረቱ ይጠፋል ወይም ይሻክራል። ለመነዘርም ልክ አለው። በገና የሚደረድር ሰው ይህን ያውቃል። ጌይኑን እስከ ጥግ የሚያዞር ጊታሪስት ግን ይህን ይረሳል።

*የከባዱ ድምፅ አባት የጀመረው ቤዝ በመቀነስ ነው*

እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ የ17 ዓመቱ ቶኒ አዮሚ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሥራ ላይ ሳለ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጣ። ግራኝ ስለነበረ የተጎዱት ክር የሚጫንባቸው ጣቶቹ ነበሩ። አልተወም። ለጣቶቹ ከፕላስቲክ ቆብ ሠራላቸው፤ ቀለል ያሉ ክሮች ፈለገ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970፣ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ወጣ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ መነሻው ከዚያ ይቆጠራል።

አዮሚ ከአምፑ ፊት የሚሰካው ምን ነበር? «ዳላስ ሬንጅማስተር» የተባለ ትሬብል ቡስተር። ስሙ እንደሚለው ሳጥኑ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ ወፍራሙን ደግሞ በመግቢያው ላይ ባለች ትንሽ ካፓሲተር ያስቀራል። የኩዊኑ ብራያን ሜይም ይህንኑ ሳጥን ከቮክስ ኤሲ30 አምፕ ፊት ተጠቅሟል። በሌላ አነጋገር፣ በታሪክ እጅግ ከባድ የተባለውን ድምፅ የፈጠረው ሰው የሥራ መሣሪያ ቤዝ የሚቀንስ ሳጥን ነበር። «ክብደት የሚመጣው ቤዝ በመጨመር ነው» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህን ማስረዳት ይኖርበታል።

*አረንጓዴዋ ሳጥን*

ጃፓኖች ኢባኔዝ በሚለው የንግድ ስም «ቲዩብ ስክሪመር» የተባለችውን አረንጓዴ ፔዳል ያወጡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቲኤስ808 ትባላለች፤ ተከታይዋ ቲኤስ9 እ.ኤ.አ. በ1982 መጣች። የተሠራችበት ዓላማ የሚጋነን አልነበረም። ጎረቤት ሳይረበሽ፣ አምፑ ሳይጮኽ፣ የተገፋ የቲዩብ አምፕ ለስላሳ ድምፅ እንድታስመስል ነበር። የብሉዝ ሰዎች ወደዷት። የቴክሳሱ ስቲቪ ሬይ ቮን ዋና ምሳሌ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሠሪዎቿ ያላሰቡት ነገር ተፈጠረ። በራሳቸው እንደ ልብ የሚጮኹ አምፖች መጡ። የማርሻል ጄሲኤም800 በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኤዲ ቫን ሄለን ጋር የተሠራው ፒቪ 5150 እ.ኤ.አ. በ1992፣ የሜሳ ቡጊ ሬክቲፋየር በዚያው ዘመን። እነዚህ አምፖች ሌላ ጌይን የሚጨምርላቸው ፔዳል አያስፈልጋቸውም። የሜታል ጊታሪስቶች ግን የብሉዙን ፔዳል እነሱ ፊት ሰኩት። አሰካካቸው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር፦ «ድራይቭ» ዜሮ ላይ፣ «ቶን» መሀል አካባቢ፣ «ሌቭል» እስከ መጨረሻው። ድራይቭ ዋና ሥራው የሆነ ፔዳል ድራይቩ ተዘግቶ ይሰካል። ለምን?

መልሱ ሰርኪዩቷ ውስጥ አለ። ቲዩብ ስክሪመር ሁሉንም ድምፅ እኩል አታጎላም። ከ720 ሄርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ ወደ ወፍራሙ በወረደ ቁጥር የሚያገኘው ማጉላት እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ ከመውጫው በፊት ያለዝበዋል። ውጤቱ መሀሉ ላይ ጉብታ ያለው ድምፅ ነው። ድራይቩ ዜሮ ላይ ቢሆን እንኳ ሰርኪዩቱ በላይኛው ድምፅ ላይ 12 እጥፍ ገደማ ስለሚያጎላ «ዜሮ» ማለት ዝምታ ማለት አይደለም። ፔዳሏ ትሠራለች፤ የምትሠራው ግን የማጥራት ሥራ ነው።

*ቅደም ተከተሉ ለምን ወሳኝ ሆነ?*

«ቤዙ ከበዛ አምፑ ላይ ያለውን የቤዝ መቆጣጠሪያ መቀነስ አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን እንጀራ የሚጋግር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዱቄት የሚነፋው ሳይቦካ ነው። ከተቦካ በኋላ ወንፊት ቢያመጡ ሊጡን ማበላሸት እንጂ ገለባውን ማውጣት አይቻልም።

ዲስቶርሽንም እንደ ማቡካት ነው። ድምፆቹ አንዴ ከተቀላቀሉ አይለያዩም። በብዙ አምፖች ላይ ደግሞ የቤዝ መቆጣጠሪያው የሚገኘው ድምፁ አብዛኛውን ዲስቶርሽን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ቦታ ቤዝ መቀነስ የተጉመተመተውን ድምፅ ያሳሳዋል እንጂ አያጠራውም። ከፊት የተቀነሰ ቤዝ ግን መጀመሪያውኑ ጉምጉምታውን አይፈጥርም።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመደበኛ ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ኖታው ኢ ነው። ከእሱ ጋር የሚመታው ቢ 123 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሁለቱ በዲስቶርሽን ውስጥ አብረው ሲያልፉ የልዩነታቸውን ያህል የሚርገበገብ ሦስተኛ ድምፅ ይወለዳል፦ 123 ሲቀነስ 82፣ 41። ይህ ከኢ በትክክል አንድ ኦክታቭ የወረደ ነው። ስለዚህ ይስማማል። ሮከሮች «ፓወር ኮርድ» የሚሉት የሁለት ኖታ አመታት የተወደደው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ኢ እና ጎረቤቱ ኤፍ አብረው ይመቱ። 87 ሲቀነስ 82፣ 5። በሰከንድ 5 ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ኖታ አይሆንም፤ ድምፁን የሚያንገጫግጭ መወዛወዝ ነው የሚሆነው። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ውስጥ እንደዚህ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ድምፆች አሉ። የመጀመሪያው ኖታ ሳይቆም ሁለተኛው ከተመታ ከፍተኛ ጌይን ያለው አምፕ ሁለቱን ይፈጫቸዋል። በሮክ ድምፅ የኢትዮጵያን ቅኝት መጫወት የሚፈልግ ጊታሪስት ከሌላው በላይ ለጥራት መጨነቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ወፍራም ድምፅ ጉልበት ይበላል። የወፍራሙ ክር ሞገድ ትልቅ ስለሆነ አምፑን ቀድሞ ይሞላዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ በሱ ላይ ተንጠልጥሎ አብሮ ይቆረጣል። ሰባት ክር ያለው ጊታር ላይ ዝቅተኛው ቢ ወደ 62 ሄርዝ ይወርዳል። ክሩ በወረደ ቁጥር ከፊት የማጥራቱ ጉዳይ የግድ እየሆነ ይሄዳል።

ታዲያ ቤዙ ጠፍቶ ሊቀር ነው? አይደለም። ከፊት የቀነሱትን ከኋላ ይመልሱታል። ከዲስቶርሽኑ በኋላ ባለው የቤዝ መቆጣጠሪያ፣ ወይም አንዳንድ አምፖች ላይ «ሬዞናንስ» ወይም «ዴፕዝ» በሚለው፣ ንጹሕ ሆኖ ይጨመራል። ከፊት ማጥራት፣ ከኋላ ማወፈር። ምስጢሩ ይኸው ነው።

*የተቃዋሚዎች ክርክር*

ይህን የማይቀበሉ ሰዎች ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ «ጥሩ አምፕ ፔዳል አያስፈልገውም» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ አምፖች ወፍራሙን ድምፅ ከመግቢያው ላይ የሚቀንስ ማብሪያ ራሳቸው ላይ አላቸው። እነዚያ ፊት ተጨማሪ ፔዳል መሰካት ድምፁን ሊያቀጥነው ይችላል። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አምፕ ሠሪዎቹ ራሳቸው የፔዳሏን ሥራ ወደ አምፑ ውስጥ አስገቡት ማለት ነው።

ሁለተኞቹ ስለ ጫጫታ ያነሳሉ። ሌቭሉ እስከ ጥግ የተከፈተ ፔዳል ከጊታሩ ጋር የሚመጣውን እሽታና የኤሌክትሪክ መስመር እምታ ሁሉ አብሮ ያጎላል። በተለይ ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ይህ ችግር ይከብዳል። እውነት ነው። መፍትሔው ፔዳሏን ሲሰኩ የአምፑን ጌይን መቀነስ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው። ፔዳሏ ተጨምራ የአምፑ ጌይን እንደነበረ ከቀረ ምንም አልተቀነሰም፤ ጫጫታው ብቻ ጨመረ።

ሦስተኞቹ ደግሞ ስዊድንን ይጠቅሳሉ። የስቶክሆልሙ ኢንቱምድ እ.ኤ.አ. በ1990 «ሌፍት ሃንድ ፓዝ» የተባለ አልበም ሲያወጣ የጊታሩ ድምፅ የመጣው «ቦስ ኤችኤም2» ከተባለ ፔዳል ነው። የፔዳሉ መቆጣጠሪያዎች በሙሉ እስከ መጨረሻ ተዞረው ነበር። ድምፁ እንደ እንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ ያጓራል፤ እስከ ዛሬም ይኮረጃል። ስለዚህ «ሁሉንም ክፈት» የሚለው መንገድም የራሱ ድንቅ ሥራ አለው። ልዩነቱ እነዚያ ሙዚቀኞች መጋዝ ፈልገው መጋዝ ማግኘታቸው ነው። መጋዝ ሳይፈልግ መጋዝ የሚሰማበት ሰው ግን ሕጉን የጣሰ አርቲስት አይደለም፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው ነው።

*ለማን ይጠቅማል?*

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ድምፅ ሩቅ አይደለም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የተገፋ ጊታርና የኢትዮጵያ ዜማ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ብዙ ሰው ሰማ። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ የሚመኝ ወጣት በየሰፈሩ አለ። በየቤተ እምነቱ የሚያገለግሉ ጊታሪስቶችም በፔዳል ይጫወታሉ።

እነዚህ ወጣቶች ፊት ያለው ትልቁ ግንብ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የት እንደደረሰ መናገር አያስፈልግም። ከፍተኛ ጌይን ያለው የቲዩብ አምፕ ለአንድ ጀማሪ የሕልም ዕቃ ነው። የአረንጓዴዋ ሳጥን ሰርኪዩት ግን ጥቂት ርካሽ ዕቃዎች ያሉት ቀላል ነገር ነው፤ በብዙ ስም ተገልብጦ ይሸጣል፤ ብየዳ የሚችል ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ኮምፒውተር ያለው ደግሞ አምፑንም ፔዳሉንም የሚመስሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ያገኛል። እዚያም ሕጉ ያው ነው። የተሻለ ድምፅ ፍለጋ የቤተሰብ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ያለውን ዕቃ በትክክል መሰካት ይቀድማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጆሮ ነው። ጉምጉምታ ያለው ጊታር መድረክ ላይ የቤዝ ጊታሩንና የከበሮውን ቦታ ይይዛል። ቤዚስቱ ራሱን ስለማይሰማ ድምፁን ይጨምራል። ድራመሩ በኃይል ይመታል። ጊታሪስቱም በተራው ይጨምራል። ዘፋኙ ሞኒተሩን አስጨምሩልኝ ይላል። የድምፅ ባለሙያው በመጨረሻ የሁሉንም ጩኸት ለማለፍ አዳራሹን ያጮኻል። ማንም አልተሰማም፤ ሁሉም ግን ጮኸ።

የዚህ ዋጋ ይታወቃል። በሥራ ደኅንነት መመዘኛ አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ሊሰማው የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ጠይቋል። በጩኸት የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሴል ተመልሶ አይበቅልም። መድረክ ላይ ቦታውን የሚያውቅ ጊታር ሁሉም እንዲቀንስ ያስችላል። ስለዚህ ከፊት ቤዝ መቀነስ የሙዚቃ ጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአድማጩንና የሙዚቀኛውን ጆሮ የማዳን ጉዳይም ነው።

በየቀኑ ዜና የሚከታተል አንባቢ ይህን ከራሱ ዓለም ጋር ማያያዝ አይከብደውም። ማይክራፎን ሁሉ እስከ ጥግ በተከፈተበት አደባባይ ድምፁን የጨመረ ሰው ሁሉ ተሰማሁ ብሎ ያስባል። ተሰሚነት ግን ከመጠን ይልቅ ከጥራት ይመጣል፤ ጥራት ደግሞ ከመናገር በፊት ከሚደረግ ማበጠር።

ለጊታሪስቱ ግን ፈተናው ቀላል ነው። በሚቀጥለው የባንድ ልምምድ ላይ የፔዳሉን ድራይቭ ዜሮ ያድርገው፤ ሌቭሉን ይክፈተው፤ የአምፑን ጌይን ከለመደው በአንድ ሦስተኛ ይቀንሰው። ብቻውን ሲጫወት ድምፁ የሳሳ ይመስለዋል። ዕቃውን ነቅሎ ወደ ቀድሞው ከመመለሱ በፊት ግን ድራመሩና ቤዚስቱ እስኪገቡ ይጠብቅ። ከዚያ የራሱን ጆሮ ሳይሆን የእነሱን ፊት ይመልከት።